ሽማግሌ የመረቀው ጨው

ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በሌላው ዕድሜዬ እሳሳት ይሆናል እንጂ በዚያ ዓመት አልሳሳትም። አንድ ገንዳ ሦስት ጊዜ ተሞልቶ ሦስት ጊዜ ሲደፋ ያየሁት፣ ላም ዋና ስትገባ ያየሁት፣ ሽማግሌ ስለ ጨው ተቀምጦ ሲውል ያየሁት በዚያ ዓመት ነው። ዛሬ ሰው «ትዕግሥት የለሽም» ሲለኝ፣ የት እንደጨረስሁት ስለማያውቅ ነው እያልሁ አልፈዋለሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የአክስቴ ልጅ ገመቹ ነው። ባለፈው ሳምንት ቃሪያ ስሰነጥቅ ስልኬ ጮኸ። ከነቀምት ነበር የሚደውለው።

«የአባዬን ገንዳ ላድሰው ነው» አለኝ፤ «ልጆቹ ካልዋኘን ብለው አላስቀምጥ ብለውኛል።»

«እሰይ፣ ደግ አደረግህ።»

«ባለሙያዎቹ ግን አደናገሩኝ። አንዱ በክሎሪን አጽዳው ይላል፣ አንዱ ጨው ይላል፣ ሌላው ደግሞ በመብራት የሚያጸዳ መጥቷል ይላል። እኔ ግን የአባዬን መንገድ ነው የምከተል። የሱ በጨው ነበር አይደል? ሽማግሌዎቹ የመረጡለት?»

ደንግጬ ቃሪያ የነካ ጣቴን ዓይኔ ውስጥ ከተትሁት። «ማታ እደውልልሃለሁ» ብዬ ዘጋሁበት። ከዚያ ዓይኔን እያጠብሁ፣ እያለቀስሁም፣ እየሳቅሁም፣ ያ ሁሉ ንዴት እንደ አዲስ ተመለሰብኝ። ይኸው ልጁ ሳይቀር ጨው ነው እንዳለ አርጅቷል!

የኛ ቤተሰብ ከጎጃም መጥቶ ወለጋ፣ ኡኬ የሰፈረ ነው። የአባቴ እኅት ዘነቡ ናት ነቀምት ተድራ የሄደችው፣ ለኦቦ ተርፋሳ፣ ለቡና ነጋዴው። ቤታቸው እዚያው ነቀምት፣ ባኬ ጃማ ነው፤ ሰፊ ግቢ፣ ትልቅ የማንጎ ዛፍ፣ ከበስተጀርባ የጎመን መደብ ያለው። አክስቴን እኔ «እታለም» ነበር የምላት። የሰፈሩ ሰው «አዴ ዘነቡ» ይላታል፤ «ኦቦ» ለወንድ፣ «አዴ» ለሴት የአክብሮት መጠሪያ ነው። እሷ የማርያም ልጅ፣ እሳቸው የወንጌል አማኝ፤ በአንድ ቤት ሁለት ጸሎት ይጸለያል፣ አንድም ቀን ግን በዚያ ሲጣሉ አልሰማሁም። በገንዳው ግን ተጣልተዋል።

እታለም መራመድ የሚወድድ ሰው ነበረች። ሴት ወይዘሮ ሆና፣ መኪና በር ላይ ቆሞላት፣ እሷ በእግሯ ገበያ ትወርዳለች። «መኪና ውስጥ ሆኜ ማንን ሰላም ልል ነው?» ትል ነበር። በተለይ የኡኬ ገበያ ቀን ከደረሰ ቤት አትገኝም፤ መኪናው አፋፍ ላይ አውርዷት ይሄዳል፣ እሷ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተሳለመች፣ ማር እየቀመሰች፣ የማትገዛውን ዶሮ ሳይቀር እየገመተች ትውላለች።

በአንድ ነሐሴ፣ ያ ቀይ ጭቃ እንደ ሳሙና በሚያዳልጥበት ወር፣ ከጓሮ አንጮቴ የሚባለውን ሥራ ሥር ቆፍራ ስትመጣ ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ። አዲስ አበባ ወስደው አሳከሟት። ሲመለሱ ሐኪሙ የነገራቸውን ኦቦ ተርፋሳ ለሁላችንም ደጋግመው ስለነገሩን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ አጥንቱ ገጥሟል፤ ሥጋው ግን ሰንፏል። በምድር ላይ መቆም ያማታል፤ ውሃ ውስጥ ግን ውሃው ክብደቷን ስለሚሸከምላት መራመድ ትችላለች። በየቀኑ ውሃ ውስጥ ትራመድ። እስከ ፋሲካ ካልተራመደች እግሯ እንደታጠፈ ይቀራል።

እኔ ያን ጊዜ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ኡኬ ቁጭ ብዬ ነበር። «አክስትሽን ነይ አስታምሚ» ተባልሁና መጣሁ። ትምህርቱን ባቋርጥም ማንበቡን አልተውሁም፤ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ምንም አይቀረኝ። የገንዳው ነገር እኔ ላይ የወደቀው በዚህ አመሌ ነው።

ኦቦ ተርፋሳ ጊዜ አላባከኑም። የቡና ማጠቢያ ገንዳ የሚሠራላቸውን ግንበኛ ጠርተው ከማንጎው ወዲያ ጉድጓድ አስቆፈሩ። ጥልቀቱ ደረት ድረስ፣ ርዝመቱ አሥራ ሁለት እርምጃ ያህል። ደረጃ የለውም፤ በአንድ በኩል እንደ መኪና ማስገቢያ ተዳፍቶ የሚወርድ መግቢያ ሠሩለት፣ በግራና በቀኝ የብረት መደገፊያ ያለው፣ እታለም ይዛ እንድትወርድ። ውስጡን ሰማያዊ ቀቡት። ከጉድጓድ ውሃ እየሳቡ በአምስት ቀን ሞሉት። ሲያምር! ሰፈሩ በሙሉ መጥቶ አየ።

በአሥረኛው ቀን የጎመን ቅቅል ውሃ መሰለ። እንቁራሪት ገባበት። ግንበኛው ተጠርቶ «እኔ የሠራሁት ቡና ሊታጠብበት ነው፤ ቡና ደግሞ አድሮ አይዋኝም» አለና ሄደ። ውሃው ተደፋ።

ሁለተኛውን ጊዜ ኦቦ ተርፋሳ ራሳቸው መላ አገኙ። ሸሚዝ የሚያነጣ ውሃ አያነጣም እንዴ ብለው ሦስት ጄሪካን በረኪና ገዝተው መጡ።

«ልክ ሳይኖረው?» አልኋቸው።

«ልኩማ ሦስት ነው፤ ሦስት ገዛሁ» አሉኝ።

ገለበጡት። እታለም በዚያው ቀን ገባች። ከመደገፊያው ሳትላቀቅ ማሳል ጀመረች፤ ዓይኗ በርበሬ መሰለ። ተሸክመን ስናወጣት ቡናማ ቀሚሷ በነጭ ነጠብጣብ ተዥጎርጉሮ ነበር። ኦቦ ተርፋሳ ራሳቸውን ያዙ፤ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው «ዋቃዮ ይስማኝ! ሁለተኛ ይህ መርዝ ሚስቴን አይነካትም!» ብለው ማሉ። ያ መሐላ ስንት ነገር እንዳበላሸ! ጥፋቱ የልክ ነበር እንጂ የመድኃኒቱ አልነበረም። ግን በማለ ሰው ፊት ስለ ልክ ማን ያወራል? ውሃው ተደፋ። ጎመኑም ደረቀ።

ኅዳር አለቀ፣ ታኅሣሥ ገባ። የቡና ወቅት ነው፤ ኦቦ ተርፋሳ ግን ቡናቸውን ጥለው አዲስ አበባ ወረዱ። ከአንድ ባለሱቅ ጋር ውለው ሦስት ነገር ተምረው መጡ። አንደኛው በልክ የሚጨመር የክሎሪን ዱቄት ነው። ሁለተኛው የጨው ማሽን ነው፤ ገንዳው ውስጥ ጨው ይበተናል፣ ማሽኑ ውሃውን እያዞረ ያጸዳል። ሦስተኛው ጀርሙን በብርሃን የሚገድል መብራት ነው። ባለሱቁ ማስተዋወቂያና ናሙና ብሎ አንድ ባልዲ ዱቄት፣ ሁለት ጠብታ ያለው መመርመሪያ፣ እንዲሁም በእንግሊዝኛ የተጻፈ መምሪያ ሰጥቷቸዋል። ባልዲውን ከመኪናው ሲያወርዱት «ክሎሪን እኮ የበረኪና ወንድም ነው፤ ጣይው» አሉኝ። እኔ ባልዲ አልጥልም። ወስጄ ዕቃ ቤት፣ ደረቅ ቦታ፣ ከኑግ ጆንያዎቹ ጀርባ ሸሸግሁት። መምሪያውን ደግሞ በኪስ መዝገበ ቃላት፣ ቃል በቃል እየለቀምሁ፣ በአሥራ አንድ ቀን አነበብሁት።

ኦቦ ተርፋሳ ግን አልወሰኑም። ጠዋት ጨው፣ ማታ መብራት። አንድ ቀን እታለም ከአልጋዋ ላይ ጮኸች።

«ተርፋሳ! እኔን ስታገባኝ ይህን ያህል አስበሃል?»

«አንቺንማ ሽማግሌ ነው የመረጠልኝ» አሉ። ይህን እንዳሉ ፊታቸው በራ። «እንዴ! ለዚህስ ለምን ሽማግሌ አልጠራም?»

ወለጋ ላይ ያለ ሽማግሌ የሚያልቅ ነገር የለም። ድንበር፣ ጋብቻ፣ የተሰበረ አጥር፣ ሁሉም ማንጎ ሥር ተቀምጦ ነው የሚያልቀው። እኔም ከልጅነቴ ያደግሁበት ነው፣ አልንቀውም። ግን የገንዳ ማሽን?

ሦስት ሰዎች መጡ። ዋናው ከዲጋ የመጡት ኦቦ ዋቅጅራ ነበሩ፤ ከብታቸው የማይቆጠር፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው። ሁለተኛው ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ በላቸው፣ ሦስተኛው ጎረቤታችን መሪጌታ። እኔ አንጮቴ በቅቤ አቀርባለሁ፣ ብርዝ እቀዳለሁ፣ ጆሮዬ ግን እዚያው ነው።

«ለምን ታደክሙታላችሁ?» አሉ መሪጌታ። «ጸበል መድኃኒት ተጨምሮበት ያውቃል? ይኸው ስንት ዘመን አይሸት፣ አይበላሽ።»

«መሪጌታ፣ የእርስዎ ጸበል የሚፈስ ውሃ ነው፤ ይሄ የቆመ ነው» አሉ ጋሽ በላቸው። «ዘመናዊው መብራቱ ነው። ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው።»

«መብራት ሲጠፋስ?» አሉ ኦቦ ዋቅጅራ።

ጋሽ በላቸው ብርዛቸውን አንሥተው ጠጡ። በዚያ ሳምንት መብራት አራት ቀን ጠፍቶ ነበር።

«ያን ጊዜ ሻማ ይበራለታል» አሉ ኦቦ ዋቅጅራና ሁሉም ሳቁ። አንጮቴያቸውን ውጠው፣ አፋቸውን ጠርገው ቀጠሉ። «እኔ መጽሐፍ አላውቅም። ከብት ነው የማውቀው። ከብቶቼን በየጊዜው ሆራ እወስዳለሁ፤ ያ ጨው ያለበት ውሃ። ጠጥተው ሲመለሱ ጠጉራቸው ያበራል፣ የከሳው ይፋፋል፣ ያነከሰው ይድናል። ሆራ አረንጓዴ ሆኖ ያየ አለ? የለም። ለአዴ ዘነቡ የሚበጃት ጨው ነው።»

እዚህ ላይ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ። «አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መጽሐፉ እንደሚለው ማሽኑ እኮ ከጨው ውስጥ ክሎሪን ነው የሚያወጣው። ዞሮ ዞሮ ያው ክሎሪን ነው። ማሽኑም ቢሆን ያለ መብራት አይሠራም።»

ኦቦ ዋቅጅራ በፍቅር አዩኝ። ከቁጣ ይልቅ የሚያናድደው እንደዚያ በፍቅር መታየት ነው። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ጨው ወጥ ውስጥ ስትጨምሪ በረኪና ይሆናል?»

«አይሆንም፤ ግን ኤሌክትሪክ ሲነካው...»

«ኤሌክትሪክ ሲነካውማ እኔም እለወጣለሁ!»

ማንጎው ሥር ሳቅ ሆነ። ኦቦ ተርፋሳም ሳቁ። እኔ የብርዝ ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ገባሁ። እታለም በመስኮት ስትሰማ ነበርና «አይዞሽ» አለችኝ፤ «እኔ ሠላሳ ዓመት ሰምቼያቸዋለሁ፣ አልሞትሁም።»

ከዚያ ኦቦ ዋቅጅራ እርጥብ ሣር ቆርጠው ተነሡ፤ በኦሮምኛ መረቁ። ውሃው ይጥራ፣ እግሯ ይጽና፣ ጨው ይሁንልሽ። ሁሉም «ሀ ታኡ»፣ ይሁን፣ አሉ። አለቀ! ለማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ይመስለዋል። ሽማግሌ የመረቀውን ነገር ወደ ኋላ መመለስ ግን ሽማግሌውን መሬት ላይ መጣል ነው። ያን ያደረገ ሰው ልጁን ሲድር የሚቀመጥለት፣ ሲጣላ የሚያስታርቀው አያገኝም። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨው ሆነ።

ማሽኑ ከአዲስ አበባ መጣ። መምሪያው ጨው ንጹሕና ነጭ ይሁን ይላል፤ አሥምሬ ለኦቦ ተርፋሳ አሳየኋቸው። እሳቸው ግን «ዋቅጅራ ያሉት የከብቱን ነው» ብለው ከገበያ አሥራ አንድ ጆንያ የከብት ጨው አስጭነው መጡ፤ ግማሹ አፈር። ለሦስተኛ ጊዜ ሞልተን ስንበትነው ገንዳው ወተት የገባበት ሻይ መሰለ።

«ይረጋል» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት በእታለም ሳቅ ነቃሁ። ስቃ አታውቅም ነበር ከወደቀች ወዲህ። ሮጬ መስኮቱ ጋ ሄድሁ። የጎረቤት ከብቶች የጨው ሽታ አግኝተው የጓሮ አጥሩን ጥሰዋል። ሁለቱ ገንዳው ዳር ተንበርክከው ይጠጣሉ። ሦስተኛዋ፣ አንዲት ቡሬ ላም፣ ለእታለም በተሠራው መግቢያ፣ በሁለቱ የብረት መደገፊያዎች መካከል፣ እንደ ሙሽራ ቀስ ብላ ወርዳ፣ ውሃው ደረቷ ድረስ ደርሶ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆማለች።

«እይ! እይ! ላሟ ቀደመችኝ!» አለች እታለም። ሳቋ እየቆየ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ጥር እኮ ነው» አለች። «እግሬ ይኸው እንደ ማጭድ እየታጠፈ ነው። ላም ሳይቀር ወርዳ ወጣች።»

ኦቦ ዋቅጅራ ነገሩን ሲሰሙ «አላልኋችሁም? ከብት አይሳሳትም» ብለው ተደሰቱ። እኔ ግን ወደ ዕቃ ቤት ገብቼ፣ ኑግ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ በጡጫዬ ጆንያውን ደበደብሁት።

ያም ተደፋ። ለአራተኛ ጊዜ ሞላን፤ አሁን ነጭ ጨው ተገዛ። ማሽኑ ሦስት ቀን ሠራ፣ ውሃው መጥራት ጀመረ። ከዚያ መብራት ጠፋ፤ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። ጀኔሬተሩ ቡና መፈልፈያው ዘንድ ነው። ማሽኑ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ዝም። ውሃው እንደገና አረንጓዴ ለበሰ። ኦቦ ተርፋሳ ዳር ላይ ቆመው ያዩታል፤ «መብራት ሲመጣ» ይላሉ፤ ይመለሳሉ። ሰው በዚያ ወራት ሲያረጅ አየሁ።

የካቲት በገባ በሦስተኛው ቀን እታለም ጠራችኝ። ኦቦ ተርፋሳ ወደ ጸሎት ቤት ሄደው ነበር።

«ያንን መጽሐፍ ጨርሰሽዋል አይደል?»

«ጨርሻለሁ።»

«ያን ባልዲ አልጣልሽውም አይደል?»

«ማን ነገረሽ?»

«ከሕፃንነትሽ ጀምሮ አንዲት ቆርቆሮ ስትጥዪ አላየሁም።» እጄን ያዘች። «እሱ ምሏል፣ ሽማግሌም መርቋል። እኔ ግን አልማልሁም። አንቺም አልማልሽም።»

«ዓይንሽን ቢያቃጥልሽስ?»

«ያቃጥለኝ። እግሬን መልሽልኝ እንጂ ዓይኔን አበድርሻለሁ» አለችና ሳቀች።

የቲማቲም ጣሳ ወስጄ በምስማር መስመር ጫርሁበት። መምሪያው እንዳለው ውሃውን በባልዲ አስቀድሜ፣ ዱቄቱን በውሃው ላይ አደረግሁ፤ ውሃ በዱቄቱ ላይ አይደፋም። ጊዜው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው፤ ፀሐይ ካገኘው ይበላዋል። ገንዳውን ዞሬ ጨመርሁ፣ በቀርከሃ አማሰልሁ፣ ግድግዳውን በመጥረጊያ ፈተግሁ። በማግስቱ አረንጓዴው ግራጫ ሆነ። በሦስተኛው ቀን የሞተው ሁሉ ወደ ታች ወርዶ ዝቃጩን ጠረግሁት። በአምስተኛው ቀን ሰማያዊው ወለል ታየ። ጠብታውን በመመርመሪያው ውስጥ ሳደርግ ቢጫው እንደ ቀጭን ማር፣ መጽሐፉ ላይ እንዳለው ሥዕል ሆነ። ሁለት ቀን ደግሞ ቆየሁ፣ ለካሁ፣ ደብተሬ ላይ ጻፍሁ፦ ቀን፣ የጣሳው ልክ፣ ቀለሙ።

እታለም ገባች። አላሳላትም። ዓይኗም አልቀላም። ያን ቀን ነው የገባኝ፤ ያ አፍንጫ የሚቆርጠው ሽታ መድኃኒቱ ልክ ሲያጣና ከቆሻሻ ጋር ሲታገል የሚወጣ ነው።

ኦቦ ተርፋሳ ያን ማታ ከጸሎት ቤት ሲመለሱ ሚስታቸውን በውሃ ውስጥ ቆማ አገኟት። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ማንጎው ሥር አስቀምጠው፣ ከነሱሪያቸው በመግቢያው ወርደው እጇን ያዙ። አንድ። ሁለት። በሦስተኛው «ማርያም!» አለች፤ በአራተኛው እሳቸው «ሃሌ ሉያ» አሉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ እስከ ጫፍ ደረሱ።

በነጋታው ኦቦ ዋቅጅራ ከዲጋ ተጠሩ። ውሃው ዳር ቁጢጥ ብለው ጣታቸውን ነክረው ላሱ። «ሆራ!» አሉ። «ኤዬ፣ ይኸው ሆራ! ጨው እንዲህ ነው።»

ማሽኑ ከኋላቸው ግድግዳው ላይ፣ መብራት የለው፣ ትንፋሽ የለው፣ እንደ ሥዕል ተሰቅሏል! አፌን ከፈትሁ። እታለም ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ጠባሳው ያለ ነው የሚመስለኝ።

«ገለቶሚ በያቸው» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ገለቶማ አባ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልሁ። በዕድሜዬ ከዋጥሁት ሁሉ መራራው ያ ነው።

ወራቱን በሙሉ በየማታው፣ እሳቸው ወደ ጸሎት ሲሄዱ፣ እኔ ወደ ዕቃ ቤት። መብራት ሲመጣ ማሽኑ ይሠራል፣ ሲጠፋ ጣሳው ይሠራል። ሰፈሩ ሁሉ ጨዉን አመሰገነ። ጋሽ በላቸው ሳይቀሩ «እንግዲህ ሳይንስም ከሆራ ይማር» አሉ። ንዴቴን በመጥረጊያው ላይ ስለምወጣው ነው መሰለኝ የገንዳው ግድግዳ ያበራ ነበር።

ፋሲካ ደረሰ። እታለም በሁለት ከዘራ ቆመች። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በአንድ ከዘራ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በኡኬ ገበያ ቀን መኪናውን አፋፍ ላይ አስቆመች፣ እኔና እሷ ወረድን። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች። ሰላም ያላለችው ሰው፣ ያልገመተችው ዶሮ አልነበረም። ሲደክማት አንድ የማር ሻጭ ጋን ላይ አስደግፏት፣ ማር ቀምሳ፣ «ቀጭን ነው» ብላ አማረረችና ተነሣች። እኔ ከኋላዋ ዘንቢል ይዤ ስከተል፣ አንድ ያላሰብሁት ነገር ያን ጊዜ ታወሰኝ። ለመስከረም ለጊምቢ ሰው ታጭቻለሁ። ባልዲው ደግሞ ሁለት ጣት ያህል ነው የቀረው። እኔ ስሄድ ገንዳውን ማን ያያል? ሐኪሙ ዓመት ሙሉ አታቋርጥ ብሏል።

ስሰናበታት ጠየቅኋት። «እግዜር ያውቃል» አለች። እኔም እያለቀስሁ ሄድሁ፤ ሰው የሙሽራ ለቅሶ መሰለው።

ለገመቹ ያን ማታ ደወልሁለት፤ እንዳልሁት። ይህን ሁሉ ነገርሁት። ልጅ ሳለ ጅማ ይማር ስለነበር አንዱንም አላየም።

«እና የቱን ልግዛ?» አለ በመጨረሻ።

«የፈለግኸውን ግዛ። ጨውም ቢሆን ክሎሪን ነው፣ ዱቄቱም ክሎሪን ነው፤ መብራቱም ቢሆን ብቻውን አይበቃውም፣ ትንሽ ይጨመርበታል። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው፤ በየማታው ወርዶ ውሃውን የሚያየው ማን ነው?»

«አባዬ ግን እስከ መጨረሻው ጨው ነው ይል ነበር እኮ።»

«አዎ፣ ይሉ ነበር» አልሁት። እናም እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርሁትን ነገርሁት። እንዲያው ለምን እንደደበቅሁት አላውቅም። ምናልባት እኔም፣ ሳላስበው፣ ያንን ምርቃት «ሀ ታኡ» ብዬ ይሆናል። የዚያን ዘመን ሰው ስንቱን ንዴት እንዳበላኝ እያሰብሁ ስብከነከን ኖሬ፣ ዛሬ ሳስበው ደግሞ ያናደዱኝ ሰዎች ሁሉ እንዴት እንደናፈቁኝ!

ከሠርጌ በኋላ፣ በጥር፣ ለጥየቃ ከጊምቢ ነቀምት መጣሁ። መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ውሃው ግን ወለሉን ያሳያል። እታለም ውስጡ ትራመዳለች። «ማነው የሚያጠራው?» ብላት «ጨው ነዋ» ብላ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ወደ ዕቃ ቤት ገብቼ የኑግ ጆንያዎቹን ገፋሁ። አዲስ ባልዲ ተቀምጧል። በላዩ የቲማቲም ጣሳዬ፣ ከጣሳው ሥር ደብተሬ። ደብተሩን ገለጥሁት። እኔ ከጻፍሁት የመጨረሻ መስመር በታች፣ በኦቦ ተርፋሳ ወፍራም እጅ፣ አንድ ቀን ሳይዘለል ቀጥሏል፦ ቀን፣ የጣሳው ልክ፣ ቀለሙ። ኋላ እታለም ነገረችኝ። እኔ በሄድሁ በሳምንቱ ሾፌራቸውን ቤት ትተው በአውቶቡስ አዲስ አበባ ወረዱ፤ ባልዲውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መጡ። በየማታው ወደ ጸሎት ቤት ከመሄዳቸው በፊት ሱሪያቸውን ሰብስበው ራሳቸው ይጨምሩ ነበር። ኦቦ ዋቅጅራ ከዲጋ በመጡ ቁጥር ደግሞ ጆንያ ፈትተው፣ በሽማግሌው ፊት አንድ እፍኝ ጨው ይበትኑ ነበር።